ለሯጭ የተመቹ ከተሞች ለእናቶችስ?

ለሸገር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣

ሱሉልታ በማለዳ የሯጭ አገር ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው፤ በሰበታ በኩልም ጎሕ ሲቀድ በቡድን የሚሮጡ አትሌቶችን ማየት ብርቅ አይደለም። በእነዚሁ መንገዶች ዳር የሚኖሩ 60 ዓመት ያለፋቸው እናቶች ግን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያም ገበያ ደርሰው ከመመለስ ሌላ የታሰበላቸው እንቅስቃሴ የለም። ይህን የምጽፈው ስለ አጥንታቸው ነው።

«ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ቀድተው፣ ከእንጦጦና ከገፈርሳ እንጨት ተሸክመው የኖሩ ሴቶች ምን ስፖርት ያስፈልጋቸዋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔን አያሳምነኝም። የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንትም ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት ይሳሳል። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ነው፤ ጫናው ሲቀር ደግሞ ያለው ጥንካሬ ይቀንሳል። በወጣትነት የተሸከሙት እንጨት ለእርጅና ብቻውን ስንቅ አይሆንም። ጎብጦ መሸከም ደግሞ የሳሳ አከርካሪ ሊሰብር ይችላል። የእግር ጉዞም ቢሆን ለልብ ደግ ነው እንጂ ለአጥንት ብቻውን አይበቃም።

በአውስትራሊያ የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ፣ ከ58 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን በባለሙያ ክትትል ለ8 ወራት ከባድ ክብደት አስነስቷል፤ በሳምንት 2 ቀን፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ። የወገብ አጥንታቸው ጥግግት በአማካይ 2.9 በመቶ ሲጨምር፣ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት ሴቶች 1.2 በመቶ ቀንሶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው ለአረጋውያን ጡንቻ ማጠንከሪያ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ሚዛን መጠበቂያ 3 ቀን ይመክራል። ሚዛኑ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ፤ እናቶች ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ወጌሻ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት የሚያድናቸው እርሱ ነው።

ጂም ይሠራልን አላልኩም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንድ አንድ የጤና ጣቢያ ግቢ በሳምንት 2 ጠዋት ለእናቶች ይፈቀድ። ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ መጀመሪያው ይሁን፤ ቀጥሎ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን፣ እያደርም ከዚያ የሚከብድ። ወገባቸው ተሰብሮ የሚያውቅ ወይም ደም ግፊት ያለባቸው አስቀድመው በሐኪም ይታዩ። ሩጫ ያቆሙ አትሌቶች በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሠልጥነው ቢያሠሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞሩ ቢጠሯቸው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሰጥ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ግቢው ከጎረምሳ ዓይን የተከለለ ይሁን፤ ቱታ ካልለበሱ ተብለውም አይመለሱ። እናቶቻችን በቀሚሳቸው ካልሆነ አይመጡም።

ክቡር ከንቲባ፣ የግቢዎቹን ፈቃድ ይስጡን። በርጩማውንና ጄሪካኑን ከየእድራችን እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡራዩ ነዋሪ