ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ወረቀት ይታረም

በማኅበራችን የነርሲንግ ተማሪዎች ዘንድ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር የሚተላለፍ አንድ የመድኃኒት ትእዛዝ ምህጻረ ቃላት ዝርዝር አለ። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። እኔም ፋርማኮሎጂ የጀመርኩ ሰሞን ከእሱ ነው ያጠናሁት፤ ውለታውን አልክድም። ግን መታረም አለበት።

አብዛኛው ትክክል ነው። ቢአይዲ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቲአይዲ ሦስት ጊዜ፣ ፒኦ በአፍ፣ ፒአርኤን ሲያስፈልግ። ምንጫቸው ላቲን ስለሆነ እዚህ ተወልደው ላደጉትም እንደኛው ባዕድ ናቸው፤ ቢያንስ በዚህ እኩል ነን። ችግሩ ሌሎቹ ላይ ነው። ለአሜሪካ ሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 አትጻፏቸው ያላቸው ኪውዲ (በቀን አንዴ)፣ ኪውኦዲ (ቀን እየዘለሉ) እና ዩኒትን የምትተካዋ ዩ ወረቀታችን ላይ ያለ ምንም ምልክት ተደርድረዋል።

በእጅ የተጻፈች ዩ ዜሮ ትመስላለች። 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ተብሎ ከተነበበና ከተሰጠ፣ የታካሚው ስኳር ወርዶ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። 1.0 ሚሊግራምም ነጥቧ ካልታየች 10 ነው፤ ፊቱ ዜሮ የሌለው .5 ደግሞ 5 ይሆናል።

«አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ታዲያ ፈረቃ ስንረካከብ ብጣሽ ወረቀት ላይ የምንጫጭረውስ? ስለዚህ ምህጻሮቹ ከዝርዝሩ ይሰረዙ አልልም፤ ሌላ ሰው ጽፏቸው ልናገኝ እንችላለንና። በቀይ ይከበቡ፤ አጠገባቸውም «እወቀው፣ አትጻፈው፣ ካየኸው ጠይቅ» ይባል።

የሚከብደን መጠየቁ ነው። በመጀመሪያው ክሊኒካሌ ኤችኤስ የሚል አይቼ፣ አስተማሪዬን መጠየቅ አፍሬ ስልኬን ደብቄ ፈለግሁ። ሁለት ትርጉም መጣልኝ፦ በመኝታ ሰዓት እና በግማሽ ጥንካሬ። ያኔ ሳልወድ ጠየቅሁ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ሐኪሙ ጋ ደውላ አጣራችና ሥራችንን ቀጠልን። ይሉኝታዬ ግን ያን ቀን ሌላ ሰው ሊያስከፍል ነበር።

አንድ መስመር ደግሞ ይጨመርልኝ፣ ይህኛው ከላቲን ጋር አይገናኝም። ለእናቶቻችን የመድኃኒት ሰዓት ስንነግር «በ8 ሰዓት» ብለን እናልፋለን። በፈረንጅ ጠዋት 8 ማለታችን ከሆነ «ጠዋት 2 ሰዓት» እንበላቸው፤ አለዚያ ምሳ በልተው ነው የሚውጡት።