የምርት ስም ለአርሶ አደሩ የሚጠቅመው መቼ ነው?

በእንግሊዝ ሌስተርሻየር የምትገኘው ሜልተን ሞውብሬይ የገበያ ከተማ ናት። ገበያዋ እ.ኤ.አ. በ1086 በተጠናቀረው የንጉሡ የግብር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ በጎችና የቀንድ ከብቶች በጨረታ ይሸጡባታል። የገበያው ቦታ ባለቤት የአካባቢው ምክር ቤት ነው።

ከተማዋ በይበልጥ የምትታወቀው ግን በሁለት ምርቶች ነው፦ በስቲልተን አይብና በሊጥ ተሸፍኖ በሚጋገር የአሳማ ሥጋ። የሁለቱም ስም በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ጥበቃው ለአምራች አርሶ አደሩ እኩል አይጠቅምም።

ስቲልተን በሌስተርሻየር፣ በደርቢሻየርና በኖቲንግሃምሻየር ብቻ ይመረታል፤ ወተቱም የአካባቢው መሆን አለበት። በመሆኑም አይቡ በተፈለገ ቁጥር የአካባቢው ላም አርቢም ገዢ ያገኛል። የአሳማ ሥጋው ምርት ግን በከተማዋና በዙሪያዋ እንዲጋገር ብቻ ነው የተደነገገው፤ አሳማው ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከስሙ በቀጥታ የሚጠቀሙት ጋጋሪው ድርጅትና ሠራተኞቹ ሲሆኑ፣ የጎረቤት አርቢ ዋስትና የለውም።

ለምርቱ የስም ጥበቃ የሚሻ ወረዳ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንቡ ሲረቀቅ “የት ይመረት?” ከሚለው ጋር “ጥሬ ዕቃው ከማን ይገዛ?” የሚለውም መመለስ ይኖርበታል።