ሞተሩ የሚሞቀው ቆሞ ነው ወይስ ሲሮጥ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ተረት የተነገረው ለሰው ቢሆንም ለአውቶሞቢልም የሚሠራ መሆኑን የተረዳሁት ከአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር ወደ ጎጃም በተጓዝሁ ጊዜ ነው።

ባልደረባዬ ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ላዳ አለችው። ደመወዙ አዲስ መኪና የሚያስመኝ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ያለችውን ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኖበታል። ይህች ላዳ ጠዋት ጠዋት መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር ትሞቅ ነበር። እርሱም ሰው እንደ መከረው፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የራዲያተር ቬንቲሌተር፥ መካኒኮች በአጭሩ ፋን የሚሉትን፥ ገዝቶ በአንድ ጋራዥ አስገጠመ። የጋራዡ ሰው «ከእንግዲህ ስለ ሙቀት አታስብ» አለው፤ እርሱም አላሰበም።

በእርግጥም በከተማ ውስጥ ሙቀቱ ጠፋ። እናቱን ይዘን ለዘመድ ሠርግ ወደ ጎጃም ስንሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን፥ ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስንያያዘው፥ የሙቀቱ መርፌ ከቀዩ መስመር ደረሰ። ፋኑ እየጮኸ ይዞራል፤ ውሃው ግን ይፈላል። «ትንሽ ነው የቀረን» እያለ ነዳ። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጢስ ከኋላችን ተነሣ፤ ሞተሩም ጸጥ አለ። እናቱ በዚያ ሐሩር ጥላ ፍለጋ ከአንዲት ግራር ሥር ሲቀመጡ፥ ልጃቸው በድንጋጤ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ደርሼ ያዝሁት።

መኪናዋ በጭነት ተመልሳ ስትፈታ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፥ ቴስታታው ራሱም ጎብጦ ተገኘ። ራዲያተሩም ሲከፈት ከግማሽ የሚበልጡት ቧንቧዎቹ በዝገትና በዝቃጭ ተደፍነው ነበር። የጥገናው ሒሳብ የሦስት ወር ደመወዙን በላ።

ታዲያ ጥፋተኛው ፋኑ ነውን? አይደለም። ፋኑ የታዘዘውን ሠርቷል። ጥፋቱ የማይችለውን ሥራ ከእርሱ መጠበቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጎማ ወደ ማዞር የሚውለው በግምት ከሦስት አንዱ እጅ፥ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ሌላው ሦስተኛ እጅ በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያመጣዋል። ፖምፓው ውሃውን ያዞራል፤ ራዲያተሩ በቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘረጋዋል፤ ነፋሱ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባኽ በ1901 እ.ኤ.አ. ለወጣችው መርሴዲስ የሠራው የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር 8,070 ትናንሽ ቧንቧዎች ነበሩት፤ ከኋላውም ፋን ተተክሎለት ነበር። ከዚያ ወዲህ መልኩ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። ፋን ነፋስ ይስባል እንጂ ውሃ አያዞርም፤ የተደፈነ ቧንቧም አይከፍትም።

በቀድሞዎቹ ላዳዎች ፋኑ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲያዘግም ያዘግማል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። መኪናው በሰልፍ ቆሞ ነፋስ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥና ነፋሱ በገዛ እጁ ሲገባ ደግሞ፥ ያለ ጥቅም የሞተሩን ጉልበት ይበላል። የኤሌክትሪኩ ፋን ግን በሙቀት ማብሪያ ስለሚታዘዝ፥ ሲፈለግ ይነሣል፤ በማይፈለግበት ጊዜ ያርፋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ሞተሩ የሚሞቀው መኪናው ቆሞ ነው ወይስ ሲሮጥ? በሰልፍ ቆሞ ሞቆ፥ መንገድ ሲከፈት የሚቀዘቅዝ ከሆነ፥ የጐደለው ነፋስ ነውና የኤሌክትሪክ ፋን ይረዳዋል። በሜዳ እየሮጠ የሚሞቅ ከሆነ ግን ነፋስ አልጐደለውም፤ ራዲያተሩን፥ ቴርሞስታቱን፥ ፖምፓውንና የውሃውን መጠን ያስመርምሩ። የባልደረባዬ ላዳ ሁለቱም በሽታ ነበረባት። ፋኑ አንዱን ሲያድን ሌላውን ሸፈነው፤ ዳገቱ ግን ገለጠው።

ከፍ ባለ አገር የሚነዳ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ፥ ያው ፋን በዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ለላዳ የሚሸጠው የሙቀት ማብሪያ አንዱ ዓይነት ፋኑን የሚያስነሣው በ92 ዲግሪ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አልቆ ግፊት የማይዝ ከሆነ፥ ፋኑ ሊነሣ ሲል ውሃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። ክዳኑ 0.5 ባር ግፊት ቢይዝ ግን በአዲስ አበባ የመፍያው ልክ ወደ 106 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ በጥቂት ብር የሚገዛው ክዳን ከፋኑ ቀድሞ ይታይ።

ፋኑ የሚገባው ሆኖ ሲገኝ አገጣጠሙ ጥንቃቄ ይሻል። ፋኑ 15 አምፔር ቢስብ፥ በ12 ቮልት 180 ዋት ነው፤ ይህም ከሁለቱ የፊት መብራቶች ፍጆታ ይበልጣል። ስለዚህ የራሱ ወፍራም ሽቦ፥ የራሱ ፊውዝና ሪሌ ይኑረው፤ ዲናሞውም ጭነቱን መቻሉ ይመርመር። ፋኑን በራዲያተሩ ቧንቧዎች መካከል በሚያልፍ ፕላስቲክ ማሰር ቀላል ቢመስልም፥ እየተፋተገ ኋላ ራዲያተሩን ይበሳዋል፤ በብረት መያዣ ከዳርና ከዳር ይታሰር። ነፋሱን የሚሰበስብ የቆርቆሮ ማቀፊያ ከሌለው ደግሞ ፋኑ የሚስበው በፊቱ ባለችው ክብ በኩል ብቻ ነው። ሽቦው ተገልብጦ ከተገናኘ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ጐን የተተከለ ፋን ሲሠራ አንድ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ። ወረቀቱ ከተለጠፈ ደኅና ነው፤ ከተገፋ ግን ሽቦው ይገልበጥ።

ስለ ደኅንነትም ሁለት ቃል ልጨምር። የኤሌክትሪክ ፋን እንደ አገናኙት ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሣ ይችላል፤ ኮፈን ከፍተው እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የባትሪውን ሽቦ ይንቀሉ። በመንገድ ላይ መርፌው ወደ ቀዩ ሲቃረብ ደግሞ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ።

ባልደረባዬ ራዲያተሩን አሳጠበ፤ ክዳኑን ለወጠ፤ በቧንቧ ውሃ ፈንታ ኩላንት ጨመረ። ፋኑ ያው የቀድሞው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ዳገት አብረን ስንወጣ፥ እናቱ ከኋላ ወንበር ሆነው በየመታጠፊያው «ልጄ፥ መርፌው የት ደረሰ?» ይሉ ነበር። እርሱም እየሣቀ «መሐል ነው፥ እማዬ» ይላል። ደጀን እስክንገባ ድረስ መልሱ አልተለወጠም።