የአባት ደንበኛ፣ የልጅ ሒሳብ

በወረታና በፎገራ ሜዳ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ቤተሰብ ዓመቱን የሚገፋው በአብዛኛው ከአጨዳ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ገቢ ነው። ሩዙ ኅዳር ላይ መታጨድ ይጀምራል፤ ተወቅቶም ወደ መፈልፈያ ይመጣል። በዚያ ሰሞን ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ገበሬው ወደ ጎረቤት መፈልፈያ ይሄዳል።

በየቤቱ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ያኔ ነው። አባት "የመለዋወጫ ደንበኛዬ በክፉ ቀን በዱቤ የሰጠኝ ሰው ነው፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ይላሉ። ልጅ ደግሞ በስልኩ ርካሽ ዋጋ አይቶ "ዛሬውኑ እንለውጥ" ይላል። አባት ውለታውን፣ ልጅ ዋጋውን ያያሉ። ማሽኑን ግን ሁለቱም አልጠየቁትም።

ዕቃ አቅራቢውን ከመውቀስ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። ሩዙ የሚሰባበረው ሁልጊዜ በወንፊቱ ምክንያት አይደለም። ያልተፈለፈለ ሩዝ በደህና የሚፈለፈለው እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ብዙ ከራቀ በአዲስ ወንፊትም ይሰባበራል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋም ኩሽኔታን ያለጊዜው ይበላል።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ። ለምሳሌ የአንዱ ነጋዴ ወንፊት 1,500 ብር ሆኖ 300 ኩንታል ይፈለፍላል እንበል፤ ለኩንታል 5 ብር ነው። የሌላው 1,200 ብር ሆኖ 150 ኩንታል ላይ ቢቀደድ ለኩንታል 8 ብር ደረሰ። በዚህ ላይ ማሽኑ የቆመበትን ቀን ይደምሩ። ርካሹ የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታያል።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ የሠራው ኩንታል፣ ዕቃው እስኪመጣ የተጠበቀው ቀን ይጻፍበት። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል፤ እዚህ ላይ የወረቀቱ አለመልቀቅ ይጠቅማል።

ደብተሩ አንድ ዓይነት ብልሽት ደጋግሞ ካሳየ፣ ነጋዴው የተበላሸውን አልለውጥም ካለ፣ መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ዕቃው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በየጊዜው ከዘገየ፣ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል። መንገድ ተዘግቶ የዘገየውን ግን በሰውየው ላይ አይቁጠሩበት፤ አዲሱም ነጋዴ በዚያው መንገድ ነው የሚያስመጣው።

ሲለውጡም በአጨዳ ማግስት አይሁን። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከአዲሱ አንድ ዕቃ ብቻ ገዝተው ይሞክሩ፤ ደረሰኝና በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትና ይቀበሉ። ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ቺንጋና ኩሽኔታም ቤት ይኑር።

አያቶችና አባቶች፣ ከቀድሞው ደንበኛ ጋር መነጋገሩ የእናንተ ድርሻ ነው። ልጅ በዝምታ ቢለውጥ ቅያሜ ይተርፋል። ቀሪ ዱቤ ካለ ተከፍሎ፣ ደብተሩ ተገልጦ፣ "ይህ ይህ አስቸገረን" ይባል። ሰውየው ካስተካከለ የድሮው ወዳጅነት ይቀጥላል፤ ካላስተካከለም ተከባብሮ መለያየት ይቻላል። ውለታን መመለስ ተገቢ ነው፤ የልጅ ልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ በሚሸፍን ማሽን መመለስ ግን አይገባም።