ዘፈኑን ወዶ ዘፋኙን ስለ መናቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ! እንጀራውን እየበላ ጋጋሪዋን የሚሰድብ ሰው ብታይ ምን ትለዋለህ? ሸማውን ደርቦ ሸማኔውን የናቀ፥ በማረሻው እያረሰ ቀጥቃጩን ቡዳ ነው ያለ ሰው በአገራችን ለብዙ ዘመን ኖሯል። የሸማኔውና የቀጥቃጩ ነገር ዛሬ በመጠኑ ተሻሽሏል። የዘፋኙና የመሣሪያ ተጫዋቹ ነገር ግን ገና አልተሻሻለም። እጃችን ያጨበጭብለታል፥ ከንፈራችን ግን አዝማሪ ብሎ ይሰድበዋል። ስለዚህ ግብዝነት እጽፍልህ ዘንድ ያነሣሣኝ አንድ ቀን ነው፤ እኔም ራሴ ከግብዞቹ አንዱ እንደ ነበርሁ አልሸሽግህም።

ቀኑ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ የተወለደበት ስልሳኛ ዓመት በመስቀል አደባባይ በሙዚቃ ይከበር ነበርና፥ መግቢያውም በነፃ ስለ ነበር፥ ከተማው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። እኔም በመርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ ካለው አንድ ጎረቤቴ ጋራ ከአዲስ ከተማ ተነሥቼ፥ በተክለ ሃይማኖት አድርገን ወደ ለገሃር ወርደን፥ በእግራችን ከአደባባዩ ደረስን። በደረጃው ላይ ከሕዝቡ መካከል ተሻምተን ተቀመጥን።

የሰውን ብዛት ለመቍጠር አይቻልም ነበር። አረንጓዴ፥ ብጫና ቀይ ባንዲራ ያላነገበ ወጣት ጥቂት ነበር። የማርሊ ሚስት ሪታና ልጆቹ ከሩቅ አገር መጥተው ነበር፤ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ መጥታ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ያሳረፍሁት ከዘፋኞቹ ይልቅ ከኋላቸው በቆሙት ሰዎች ላይ ነው። ዘፋኙ ገና ሳይወጣ እነርሱ ጎንበስ ብለው ሽቦ ይዘረጋሉ፥ ክር ያጠብቃሉ፥ ከበሮ ያስተካክላሉ። ዘፋኙ ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ እነርሱ ከቆሙበት አይነቃነቁም፤ ጸሐዩ ፊታቸውን ሲያቃጥለው ላባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ምቱን ሳያዛንፉ ይቀጥላሉ። ቤት በምሰሶ እንዲቆም ዘፈኑ በነርሱ ቆሞ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ የዘፋኙን ስም እየጠራ ሲጮኽ፥ ከአጠገቤ ከነበሩት ሁሉ “ያ ከበሮ መቺ ማን ይባላል?” ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም።

በአደባባይ የሚደረግ ሙዚቃ ወጣቱን ያበላሻል የሚሉ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። እኔ በተቀመጥሁበት ሥፍራ ያየሁት ግን ይህን ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ቆሎ ተካፈሉ፥ አንዱ የሌላውን ሕፃን ከጫንቃው ላይ አውጥቶ አሳየ፥ ውኃ የያዘ ላልያዘው አጠጣ። እስኪመሽ ድረስ ጠብ አላየሁም። በገበያ ውስጥ ስለ አንድ ብር የሚደባደብ ሕዝብ በዚያ ቀን ያለ ዳኛ ተስማምቶ ዋለ።

ጎረቤቴም እጁ እስኪቀላ ያጨበጭብ ነበር። የመጨረሻ ልጁ ጊታር እንደሚወድ አውቅ ነበርና፥ ደስታውን አይቼ፥ “ታዲያ ልጅዎን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢያስገቡት ምን ይመስልዎታል?” ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። “ምን ነካዎት መምህር! እኔ ልጄን አዝማሪ ላድርግ? ጠላቴ አዝማሪ ይሁን!” አለኝ። ይህንም ብሎ ወደ መድረኩ ዞረና እንደገና ያጨበጭብ ጀመር።

ልዘልፈው ፈለግሁ፥ ነገር ግን የራሴ በደል አፌን ያዘኝ። በደሌም ይህ ነው።

በ1978 ዓ.ም. በአዲስ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ በምናለሽ ተራ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ምጣድና ማንጠልጠያ የሚሸጥ ሠራተኛ ነው። ልጁ ከአባቱ ፍርፋሪ የዘይት ቆርቆሮ ለቅሞ፥ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ክር አውጥቶ፥ ለራሱ ክራር ሠራ። በዕረፍት ሰዓት ከግንብ ጥግ ተቀምጦ ሲመታ ልጆች ይከቡት ነበር። አንድ ቀን ቀርቤ አዳመጥሁት። ማንም ሳያስተምረው በጆሮው ብቻ የትዝታን ቅኝት ቃኝቶታል። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጌ ሐርሞኒየም የተማርሁ ሰው ነኝና፥ ድምፁ ልክ መሆኑን ዐወቅሁ። ዐውቄም ክራሩን ነጠቅሁት። አባቱን አስጠርቼ፥ “ልጅህ አዝማሪ ሊሆንብህ ነው፥ ቶሎ ገሥጸው” አልሁት። አባቱም አፍሮ፥ ክራሩን ከቢሮው በር ላይ በእግሩ ረገጠው። የቆርቆሮው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ አላለቀሰም። ወደ እኔ ቀና ብሎ፥ “ጋሼ፥ ቅኝቱ ልክ አልነበረም?” አለኝ። በክራሩ የተቈጣሁት በስሕተት ስለ ቃኘው መስሎት ነበር። መልስ አልሰጠሁትም። ከሁለት ወር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ሄደ የነገረኝ የለም።

እንግዲህ በመስቀል አደባባይ ቀኑን ሙሉ የመሣሪያ ተጫዋቾችን ፊት የመረመርሁት ለዚህ ነው። ያገራችን ልጆች ሲወጡ፥ ያ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ይሆነዋል እያልሁ አንድ በአንድ አየኋቸው። አላገኘሁትም።

አሁን ነቃፊዎቹ የሚሉትን እንመርምር። አንደኛው ክርክራቸው የሃይማኖት ነው። ወደ ገላትያ ሰዎች በተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5 የሥጋ ሥራዎች ሲዘረዘሩ የአማርኛው ትርጕም ዘፋኝነት የሚል ቃል አለበት። እኔም በልጅነቴ ይህን ቃል እየጠቀሱ ሲያስፈራሩኝ አድጌአለሁ። ይሁን እንጂ በግሪኩ የተጻፈው ኮሞስ የሚባለው ቃል ነው፤ ትርጕሙም ከስካር ጋራ የሚሄድ መረን የወጣ ፈንጠዝያ ማለት ነው። የተወገዘው ልቅ ስካር ነው እንጂ ክር መቃኘት አይደለም። ደግሞም አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። መዝሙርና መዘምርም ከዚያው ይወጣሉ። ከአንድ ሥር ከበቀሉት ሁለት ቅርንጫፎች አንዱን ስመን ሌላውን የምንቈርጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ክርክራቸው ዘፋኝ ሰካራም ነው የሚል ነው። የሚሰክር ዘፋኝ አለ፤ የሚሰክር ነጋዴም፥ የሚሰክር አስተማሪም አለ። ነጋዴው ሲሰክር ሰውየው ሰከረ ይባላል፤ ዘፋኙ ሲሰክር ግን ሙያው ይሰደባል። ሰውን ከክቡር ቤት አስወጥተህ ከመጠጥ ቤት በቀር ሥፍራ ከከለከልኸው በኋላ፥ ለምን ከመጠጥ ቤት ተገኘህ ብለህ ብትከሰው ይህ ፍርድ ነውን?

ሦስተኛው ክርክራቸው ሙያው ለአገር አይጠቅምም የሚል ነው። ለዚህ ታሪክ ይመልስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፥ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙትን ሰዎች እንዲገድሉ ወታደሮቹን አዘዘ። ጠላት ከጠመንጃ ሌላ ዜማንም ፈርቶ ነበር። እኛ የናቅነውን ጠላት አልናቀውም። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው አገልግለዋል። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፥ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉት ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ሠራ። ያ መዝሙር ሲሰማ ባላባቱም ነጋዴውም ባርኔጣውን አውልቆ ይቆም ነበር። ዜማውን ስንሰማ እየቆምን ዜማ ሠሪውን ማስቀመጫ መንፈጋችን ያሳፍራል።

አራተኛው ክርክራቸው ሙያው እንጀራ አይሆንም የሚል ነው። ይህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ መርካቶ ላይ ይፈረካከሳል። ካሴት በነበረበት ዘመን በመርካቶ ስንት ሱቅ በዘፈን ይተዳደር እንደ ነበር እኔ ምስክር ነኝ። አስመጪው፥ አባዢው፥ አከፋፋዩ፥ ሱቀኛው፥ አዟሪው ሁሉ በልቶአል። እንጀራስ ነበረ፤ ለጋገረው አልደረሰውም እንጂ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለ ፈቃድ እየተባዛ የተሸጠውን እግዚአብሔር ይቍጠረው። ከባድ ዳኛ አስፈልጎ አይደለም፤ ሌብነቱ ሌብነት መስሎ ያልታየን የተሰረቀው ሰው የተናቀ ስለ ሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። አቶ ኃይሉ መርጊያ በሂልተን ሆቴል በዝና ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በኋላ በአሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ከተማ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በትርፍ ጊዜውም በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አሮጌ ካሴቱ በውጭ አገር ሰዎች እንደገና ታትሞ ስሙ ታደሰ፥ ወደ ታላላቅ መድረኮችም ተመለሰ። ታክሲ መንዳት ነውር አይደለም። ነገር ግን ዜማውን በየቤታችን እያሰማን ሰውየው ወዴት ደረሰ ብለን ሳንጠይቅ፥ ባዕድ ፈልጎ ማግኘቱ አያሳፍርምን?

እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢ፥ ወንድ ሆንህ ሴት፥ ምክሬን ስማ። ዛሬ በአደባባይ ሙዚቃ የሚታይበት ቀን በዝቶአል፤ ትኬትህንም በስልክህ ትገዛለህ። ከማስታወቂያው ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ብቻ በትልቁ ተለጥፎ ብታይ፥ የባንዱ ስምና የተጫዋቾቹ ስም የት አለ ብለህ አዘጋጆቹን ጠይቅ። የከበሮ መቺውን፥ የቤዝ ጊታር መቺውን፥ የማሲንቆ ተጫዋቹን ስም ዕወቅ፤ ከሥራው በኋላ ብታገኘው በስሙ ጥራው። ሳይከፈልበት የተቀዳውን ዘፈን አታሰራጭ። አዝማሪ የሚለውን ቃል ለስድብ አትጠቀምበት። አስተማሪ ብትሆን፥ አባት ወይም እናት ብትሆን፥ ልጅህ ከቆርቆሮ ክራር ሠርቶ ብታገኘው፥ ከምንም በፊት ተቀምጠህ አድምጠው። ድምፁ ልክ ካልሆነ አርመው፤ ልክ ከሆነ ልክ ነው በለው።

እኔ ይህን ቃል በጊዜው አልተናገርሁም። ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ይህ መጽሐፍ ከእጁ ይገባ እንደ ሆነ አላውቅም፥ ነገር ግን መልሱ ስለ ዘገየ ዕዳው አይቀርም። ልጄ፥ ቅኝቱ ልክ ነበር።