ሳጥን የሌለው ስፒከር፦ ለአያት ቃል፣ ለልጅ ቤዝ

በብዙ ቤት በስፒከር ምክንያት የማያልቅ ክርክር አለ። ልጆች ቤዙ ደረታቸውን ካልመታው ሙዚቃ የሰሙ አይመስላቸውም። አያቶች ደግሞ «ጩኸቱ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም» ይላሉ። በመሃል ያለነው ወላጆች አንዴ «ጨምር»፣ አንዴ «ቀንስ» ስንል እናመሻለን።

እዚህ ቃላሚኖ፣ መቀሌ ያለው ቤታችንም ሦስት ትውልድ ያለበት ነው። አደይ የምንላቸው አማቴ ሴት ልጃቸው በውጭ አገር ትኖራለች። በየሳምንቱ እሁድ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ቀድሞ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ይሰሙ ነበር። እየቆየ ግን ስልኩን ለአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ እየሰጡ «ምን አለች? አንተ ንገረኝ» ማለት ጀመሩ። ባለ ሳጥን ስፒከር ላይ ስንለቅላቸው ደግሞ «ቀስ ብላ ትናገር በሏት» ይላሉ። በኋላ መጠየቁንም ተዉት። የልጅን ድምፅ በሌላ ሰው አፍ መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የሄድነው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» የሚሉት ድምፆች ይጠፉና ወፍራሙ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ሰው መናገሩን ይሰማል፣ የተናገረውን ግን አይለይም። በዚህ ላይ ክፍላችን ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ያስተጋባል። የስፒከሩ ቤዝ ሲጨመርበት የመጨረሻዎቹ ቃላትም ይዋጣሉ። ከልጄ ጋር ሳጥን የሌለው ስፒከር ለመሥራት የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በድሮ ሳሎኖች የነበረው ትልቁ የእንጨት ሬዲዮ ጀርባው በቀዳዳ ካርቶን ብቻ ነበር የሚሸፈነው። ስፒከሩ የተገጠመው ፊት ለፊቱ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ከኋላው ክፍት ነው። እኛም የሠራነው ያንኑ ነው፦ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ቀዳዳ፣ ስፒከር። ስፒከር ስል ማግኔትና ኮን ያለውን ክቡን ዕቃ ማለቴ ነው።

ታዲያ ሰሌዳው ለምን ያስፈልጋል? ኮኑ ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላ አየር ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ ተቃራኒ ናቸው። ስፒከሩን እንዲሁ በእጅ ይዛችሁ ብትከፍቱት የኋላው ድምፅ ዞሮ መጥቶ የፊቱን ያጠፋዋል፤ ቤዙ ይጠፋል። ሰሌዳው የኋላው ድምፅ ዞሮ የሚመጣበትን መንገድ ያረዝማል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይተርፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከኮኑ መሃል እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ያለውን ርቀት በስድስት አባዙት። ከዚያ የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 344 ሜትር፣ ለዚያ አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር በግምት ድምፁ መድከም የሚጀምርበት ሄርዝ ነው። ከዚያ በታች ሄርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር የድምፁ ግፊትም በግማሽ ይወርዳል። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ፍጥነቱ ይለወጥ ይሆን ብሎ ልጄ ጠይቆኝ ነበር። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም፤ ስሌቱ ለአዲስ አበባም ለአፋርም ያገለግላል።

በዚህ መሠረት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ 190 ሄርዝ አካባቢ ይደክማል። 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 127፣ 120 ከሆነ ወደ 96 ይወርዳል። አሁን የሰው ንግግርን አስቡ። የቀድሞው የስልክ መስመር ያስተላልፍ የነበረው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ሰው ግን ይግባባበት ነበር። እንግዲህ ለአያት የሚሆን ስፒከር ከፈለጋችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ልጁ የሚፈልገው የከበሮ ድምፅ ግን ከዚህ በታች ነው። የሰሌዳውን ስፋት የሚወስነው «ማን ምን ይስማ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለቱንም ለማስታረቅ የረዳን የኮምፖንሳቶ ልክ ነው። አንድ ሙሉ ኮምፖንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። አናጺው በርዝመቱና በስፋቱ መሃል ለመሃል ሲቆርጠው 61 በ122 የሆኑ አራት ሰሌዳዎች ይወጣሉ። ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ስፒከር ፊት ይሆናሉ። የቀሩትን ሁለቱን በቁመታቸው ለሁለት ሲሰነጥቃቸው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ክንፎች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ በግራና በቀኝ ክንፍ ሲገጠምለት መንገዱ ከ30 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ክንፎቹን ግን እንደ መስኮት መዝጊያ ወደ ውጭ ገርበብ አድርጋችሁ ግጠሟቸው። ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከሄዱ ድምፁ በርሜል ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን አይርገበገብም።

ቀዳዳውን ከሰሌዳው መሃል ለመሃል አታድርጉት። ጠርዞቹ ሁሉ እኩል ከራቁ የሚጠፋው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ይከማችና ጎልቶ ይሰማል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን ዞር ማድረግ ይበቃል። ሰሌዳው ወለሉን ነክቶ ይቁም፤ በታች በኩል ያለው መንገድ ይዘጋልና።

ወደ ስፒከሩ ምርጫ ልምጣ። ቀዳማይ ወያነ ገበያም ሆነ መርካቶ ብትሄዱ ነጋዴው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የማግኔቱን ትልቅነት ነው። ለሳጥን እውነቱን ነው። ለክፍት ሰሌዳ ግን ብርቱ ማግኔት ኮኑን አጥብቆ ይይዘውና በታችኛው ድምፅ ላይ ያቀጭጨዋል። የመረጃ ወረቀት ካለው «ኪዩ ቲ ኤስ» የሚለውን ቁጥር እዩ፤ 0.7 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሻላል። 0.3 ወይም 0.4 የሆነው ለሳጥን የተሠራ ነው።

ወረቀት ከሌለ በጣታችሁ ሞክሩት። ኮኑን ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉና «ዱም» የሚለውን ስሙ። ከዚያ ሁለቱን የሽቦ መግጠሚያዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝታችሁ እንደገና ምቱት። ድምፁ በአንዴ ድፍን ካለ ማግኔቱ ብርቱ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ለሰሌዳ ይሆናል። ለመኪና በር የተሠሩ ስፒከሮችና ከአሮጌ ቴፕና ሬዲዮ የወጡ ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋሉ። የኮኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ አለመበስበሱን፣ ኮኑን በሁለት እጅ እኩል ስትገፉት አለመፋተጉንም እዩ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ክፍት ሰሌዳ ላይ ሄርዙ በግማሽ ሲወርድ እኩል ለመሰማት ኮኑ ስምንት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ትንሽ ኮን ይህን አይችልም። ስለዚህ 8 ኢንች የሆነውን ለንግግር፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ገጠምነው። 12 ኢንች የሆነውን ለከበሮው ወደ ወለሉ አስጠጋነው። ትንሹ ከቤዙ እንዲያርፍ ዋልታ የሌለው 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመስመሩ ላይ አስገባንለት፤ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ይቀንስለታል። የመኪና ስፒከር አብዛኛው 4 ኦም ነው፤ አምፕሊፋየራችሁ ያንን መሸከም ካልቻለ ሁለቱን በተከታታይ አያይዟቸው፣ 8 ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ ሥራውን ልጅ ብቻውን አይሥራ።

አቀማመጡም አንድ ጉዳይ ነው። ሰሌዳውን ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። እንዲህ ያለ ስፒከር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጮኻል፤ በጎንና በጎኑ ግን ዝም ይላል። በጎን በኩል የሚያጠና ልጅ ወይም የሚተኛ ሕፃን ቢኖር አይረበሽም። በየአቅጣጫው እኩል ከሚረጭ ስፒከር ጋር ሲነጻጸር ፊት ለፊት እኩል እየተሰማ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ኃይል ሲሶውን ያህል ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ቃሉ ጥርት ብሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጄ ደረቱን የሚመታ ቤዝ አላገኘም፤ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል። ከበሮውን ግን እንደ ከበሮ ይሰማዋል። አደይ አሁንም አንዳንድ ቃል ያመልጣቸዋል፤ ስፒከር ጆሮን አያድስም። ነገር ግን የልጃቸውን መልእክት ከሰሌዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው ራሳቸው ይሰማሉ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊያስረዳቸው ሲል «ቆይ አንተ፣ እያወራች አይደል!» ብለው አስቆሙት።

ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ፣ ድምፁን ከመጨመራችሁ በፊት «የቱ ቃል ነው የሚያመልጥዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጆሯቸውንም አስመርምሩ። ኮምፖንሳቶ ከመግዛታችሁ በፊት በወፍራም ካርቶን ሞክሩት፤ 60 እና 90 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ልጆቹ ልዩነቱን በጆሯቸው ይስሙ። ምርጫውን አያትና ልጅ አብረው ይወስኑ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።