ጤነኛ ሴል ለምን ከሰፈሩ አይወጣም?

ካንሰር ምንድን ነው ተብለን በፈተና ስንጠየቅ «ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የሴል መራባት ነው» ብለን እንጽፍና ሙሉ ማርክ እናገኛለን። እኛ ግን መልሱ ግማሽ ነው እንላለን። አብዛኛውን ሕመምተኛ ለሞት የሚያበቃው ሴሎቹ ከሰፈራቸው ወጥተው ሳንባን፣ ጉበትን፣ አጥንትን መውረራቸው ነው። ታዲያ ጤነኛው ሴል ለምን አይወርም? ሳንማረው የምናልፈው ይህን ነው።

የሚይዘው ስላለ ነው። የጨጓራችንን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይኖራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ፕሮቲኑ ሲጠፋ ሴሉ ጎረቤቱን ለቆ መሄድ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች የጨጓራ ካንሰር በዘር የሚመላለስባቸውን የማኦሪ ቤተሰቦች መርምረው፣ የዚሁ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ አገኙት።

ሌላው ዘበኛ ፒ53 ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ የካንሰር አጋዥ መስሎ ነበር፤ ዘበኛነቱ የታወቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። የሴሉ ዲ.ኤን.ኤ. ሲጎዳ መራባቱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ ካልተጠገነም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ቫይረስ ደግሞ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ይህንኑ ዘበኛ ያስፈርሰዋል።

ይህ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። እንዴታ፣ ያገባናል እንጂ! የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ባገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ቦታ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ልጁን ሊያስቀር የሚመጣ ወላጅ ፊት የምንቆመው እኛው ነን። ያን ጊዜ የፈተና መልስ አያዋጣም። ቫይረሱ ዘበኛውን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን እንጂ ሕያው ቫይረስ አለመሆኑን፣ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት መከተብ ለምን እንደሚሻል ወላጅ በሚገባው አማርኛ ማስረዳት አለብን። ካቃተን የምትጎዳው ልጅቷ ናት።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ካንሰርን ሲያስተምሩን ከመራባቱ ሌላ ስለ ዘበኞቹም እንዲነግሩን እንጠይቃለን። እኛ እጩ መምህራንም ለማርክ ብቻ ማጥናቱን እንተው። ሳይቃጠል በቅጠል!